ሰላምታዬን የት ላስቀምጥ?

በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንዲት መስመር ጽፌ የሰው የ19 ቀን ሥራ አጠፋሁ። መስመሯ ስድብ አልነበረችም፤ ቫይረስም አልነበረችም። «እንደምን አደራችሁ» ነበር የምትለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ የምሠራው ስምንት ሰዎች ባሉበት ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነበር። ሥራችን ከየገጠሩ የተቀዳ የአዛውንቶች ድምፅ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ከሁሉም ታናሽ እኔ ስለሆንኩ፣ «ኮምፒዩተር ይችላል» ስለተባልኩም፣ ሰርቨሩ በኔ ላይ ወደቀ። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ፣ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ከየላፕቶፑ ወደዚያ ማሽን ይገባል፣ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ እኔ የሠራሁላቸውን ቃል መፈለጊያ ያስነሳል። ያ ጥቁር መስኮት አይወደድም ነበር። አንዷ «ፖሊስ ጣቢያ የገባሁ ነው የሚመስለኝ» ትል ነበር። እናም አንድ ቀን፣ ሲገቡ ሰላም የሚላቸው ነገር ቢኖር ምናለ ብዬ አሰብኩ።

መስመሯን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ የት ላስቀምጣት?

እሱንም ወዲያው መለስኩት። ሁሉም ሰው ሲገባ የሚነበብ አንድ ፋይል አለ፤ እዚያ። ሰላምታ ደግሞ ከሁሉ በፊት ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ከፋይሉ አናት ላይ። ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ፣ በማግስቱ ሁሉም ሳቀ፣ አንዱ ቡና ጋበዘኝ። በቃ።

ሼል የሚባለውን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ፤ የምታውቁት ታገሱኝ። ያ ጥቁር መስኮት ውስጥ ሆኖ የምትጽፉትን ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም ነው ሼል የሚባለው። በብዛት የምናገኘው ባሽ የተባለውን ነው፤ ብራያን ፎክስ ለግኑ ፕሮጀክት ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ። ባሽ ሲነሳ፣ እናንተ ገና አንድ ፊደል ሳትነኩ፣ ቀድሞ የሚያነባቸው ፋይሎች አሉ። ከፊሎቹ የሁሉም ናቸው፤ ኢቲሲ በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፣ የመንካት ሥልጣን ያለውም የማሽኑ አስተዳዳሪ ብቻ ነው። ከፊሎቹ የእያንዳንዱ ሰው የግሉ ናቸው፤ ሆም በሚባለው በየሰው ቤት ውስጥ ስማቸው በነጥብ ጀምሮ ተቀምጠዋል። የነዚህ ፋይሎች ነገር የሚገርመኝ፣ ማንም ልብ ሳይላቸው የቀኑን መልክ መወሰናቸው ነው። የትኛው ፕሮግራም የት እንደሚፈለግ፣ በየት ቋንቋ እንደሚነገራችሁ፣ የትኛው አጭር ቃል የትኛውን ረጅም ትዕዛዝ እንደሚተካ፣ ሁሉም ከእናንተ በፊት እዚያ ተወስኗል።

በነገራችን ላይ ኢቲሲ ማለት «ወዘተ» ማለት ነው። የድሮዎቹ የዩኒክስ ሰዎች ሌላ ቦታ ያልገባውን ሁሉ የሚወረውሩበት ነበር። ዛሬ የማሽኑ ሕግ በሙሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሕገ መንግሥቱን «ወዘተ» ብሎ የጻፈ ሳጥን ውስጥ እንደማስቀመጥ።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ሌላ ማሽን ነበረ፤ ሥራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወደ ሰርቨሩ ገብቶ የዕለቱን ሥራ ገልብጦ መውሰድ ነው። የሚገለብጠው አርሲንክ በሚባል ፕሮግራም ነው። ያ ማሽን ሲያንኳኳ በሩን የሚከፍትለት ያው ባሽ ነው። ባሽም ያንኑ ፋይል ያነባል። አናቱ ላይ የኔን መስመር አገኘ፤ ሰው ይሁን ማሽን ሳይለይ «እንደምን አደራችሁ» አለ። አርሲንክ ደግሞ የሚጠብቀው ሰላምታ ሳይሆን ቁጥር ነበር፤ ሁለቱ ጫፎች በምን ሥሪት እንደሚነጋገሩ የሚስማሙበት ቁጥር። ያልጠበቀው ነገር ሲመጣበት ግራ ገባውና ሥራውን አቆመ። ሲያቆም የሚጽፋት መልእክት በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀች ናት፤ ወደኛ ስትመለስ «ሼልህ ንጹሕ ነው ወይ?» የምትል ጥያቄ ናት። ይህንን ጥያቄ 19 ሌሊት ጠየቀ። መልሱን የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም የሚጽፈው ማንም በማያነበው የሎግ ፋይል ውስጥ ነው። ያ «ማንም» እኔ ነኝ።

በሃያኛው ቀን የሰርቨሩ ዲስክ ሞተ።

ብዙዎቹ ሥራቸውን በፍላሽም በላፕቶፕም ስለሚይዙ የጠፋባቸው ጥቂት ነው። አንዲት ታላቅ ባልደረባችን ግን በሰርቨሩ ላይ ብቻ ነበር የሚያስቀምጡት። ለምን? እኔ ስለነገርኳቸው። «ፍላሽ ይጠፋል፣ እዚያ ከተቀመጠ አይጠፋም፣ እኔ አለሁ» ብያቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዲስኩ ሞቷል ማለት እውነት ነው። ለስምንቱም ሰው «ዲስኩ ሞተ» ብል ውሸታም አያሰኘኝም፤ ማንም የሎግ ፋይል አይከፍትም፤ ዲስክ ደግሞ እንደ ሰው ይሞታል፣ ማንም አይከሰስበትም። ግማሽ ቀን ሙሉ ከዚያ እውነት ጋር ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ሄጄ ነገርኳቸው፤ ሁሉንም፣ ከሰላምታዋ ጀምሬ። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ዓይናቸውን እያየሁ ነገ ጠዋት «እንደምን አደሩ» ማለት ስላቃተኝ ነው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እና አንተ ሰላም ያልከው ማንን ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ይህንን ጽሑፍ የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው።

የሚያናድደው፣ ያ ፋይል ራሱ መልሱን ይዞት ነበር። አናቱ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ ነገሯ ባጭሩ «እዚህ የተቀመጠ ሰው ከሌለ፣ ከዚህ በታች አትለፍ» ነው። ዘበኛ ናት። እኔ ከዘበኛዋ በላይ ነበር የጻፍኩት። ይባስ ብሎ ለሰላምታ ብቻ የተሠራ ቦታ ነበረ! ከጥንት ጀምሮ ኤምኦቲዲ የምትባል ፋይል አለች፤ የዕለቱ መልእክት ማለት ነው፤ ሰው ሲገባ የምትታይ፣ ተላላኪ ማሽን ሲያንኳኳ ዝም የምትል። ሰዎች ይህንን ችግር እኔ ሳልወለድ አስበውበት፣ ቦታውን ሰይመው፣ አስቀምጠውልኝ ነበር። እኔ ግን «የት?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ወንበር ምርጫ ነበር ያየሁት።

«የት?» ቀላል ጥያቄ ያልሆነበት ምክንያት፣ ሼል አይፈልግም። ሰው ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤቴ ሲመጣ አድራሻ አልሰጠውም፤ «ፋርማሲው ጋ ስትደርስ ደውል» ነው የምለው፣ ሲደውል እወጣለሁ፣ እጄን አውለበልባለሁ። ደብዳቤ ግን እንደዚያ አይደለም። ደብዳቤ የሚመጣው ፖስታ ሳጥን ቁጥር ላይ ነው፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ፖስታ ቤቱ ደውሎ «ውጣ» አይላችሁም። ሼል እንደ ደብዳቤ ነው። የታወቁት ጥቂት ቦታዎች ሄዶ ያያል፣ ካለ ያነባል፣ ከሌለ ያልፋል። የቱንም ያህል ያማረ ፋይል ብትጽፉ፣ ከነዚያ ቦታዎች ውጭ ከተቀመጠ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ቋሚ ቦታ መምረጥ ማለት የመሰማት መብት መምረጥ ነው። ሁሉም በሚያልፍበት ቦታ ላይ የተጻፈ ነገር ይሰማል፤ ሰሚው ግን ልስማ አላለም። ጥያቄው የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው ገና ሳይናገር የሚነበብ ቦታ ላይ ቃሌን የማስቀመጥ ምን መብት አለኝ?

«ቦታው እኮ የተቀደሰ አይደለም፤ ማንም ነው የፈጠረው» የሚል ሊኖር ይችላል። ልክ ነው። እንዲያውም ከሚያስበው በላይ ልክ ነው። ዩኤስአር የምትባለውን ፎልደር ውሰዱ። ስሟ ከተጠቃሚ ነው የመጣው፤ የሰዎች ቤት የነበረው እዚያ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን በቤል ላብስ ሲሠሩ የመጀመሪያው ዲስክ ሞላባቸው፤ የተረፈውን ፕሮግራም የሰዎች ቤት ወዳለበት ሁለተኛ ዲስክ አሻገሩት። ዲስኮቹ ከተጣሉ ስንት ዘመናቸው፤ ክፍፍሉ ግን እስካሁን ሕግ ሆኖ ቆይቷል። ሰዎቹ ራሳቸው ከዚያ ወጥተው ሆም ወደሚባል ሌላ ቦታ ከተዛወሩ ቆይተዋል፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። ሰንጋ ተራ ማለት ነው። ሰንጋው የለም፣ ተራውም የለም፣ ያለው የባንክ ፎቅ ነው፤ ታክሲው ግን ዛሬም «ሰንጋ ተራ!» እያለ ይጠራል፣ ማንም በሬ ፍለጋ አይወርድም።

የነጥቡ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። የግል ፋይሎቻችን ስም በነጥብ የሚጀምረው እንዲደበቁ ነው፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል። ለምን ነጥብ ይደብቃል? ሮብ ፓይክ፣ ራሱ የቤል ላብስ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው ነገሩ ስንፍና ነው። ፎልደር ውስጥ ያለውን የሚዘረዝረው ፕሮግራም ሁለት ስሞችን ብቻ እንዲዘል ተፈልጎ ነበር፤ አንድ ነጥብና ሁለት ነጥብ የተባሉትን። የጻፈው ሰው ሙሉ ስሙን ከማየት ይልቅ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ አየ፤ ነጥብ ከሆነ ዝለል። ተገላገለ። ከዚያ በኋላ በነጥብ የጀመረ ሁሉ የማይታይ ሆነ፤ ፕሮግራመሮችም «አሃ» ብለው በየሰው ቤት ውስጥ ሳያስፈቅዱ መጣል ጀመሩ። እስቲ ቤታችሁን ከነተደበቀው ዘርዝሩት። የኔ ላይ ከ60 በላይ አለ፤ ግማሹን ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 «ይህ ነገር አንድ ቦታ ይሰብሰብ» ተብሎ ነጥብ ኮንፊግ የምትባል ፎልደር ተመድባለች፤ ባሽ ራሱ ግን እስከ ዛሬ ነጥብ ባሽአርሲን የሚፈልገው በድሮው ቦታ ነው።

ታዲያ በአጋጣሚ የተወለደ ቦታ ያስገድደኛል ወይ? በፊት ብትጠይቁኝ አያስገድድም እላለሁ። አሁን ያስገድዳል ነው የምለው፤ የሚያስገድደው ግን በመወለዱ ሳይሆን ሰው ስለተደገፈበት ነው። ያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚመጣው ማሽን በሩ ዝም እንደሚል ተማምኖ ነው የመጣው። ማንም ቃል አልገባለትም፤ ዝምታው ግን ለዓመታት ስለቆየ ቃል ሆኗል። ቋሚ ቦታ ማለት ያልተጻፈ ውል ነው። አዲስ ገቢ ውሉን ሳያነብ ይፈርማል፣ እንደኔ።

ከአደጋው በኋላ የቃል መፈለጊያዋን ፕሮግራም ሌሎች ሰዎችም ፈለጓት። አንድ ሁለት ቢሮ፣ ጥቂት ተማሪዎች። ለኛ ማሽን ብቻ የተሠራች ስለነበረች ለሌላ ሰው እንድትጫን አድርጌ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ፕሮግራሟ ራሷ አታስቸግርም። የምታስቸግረው ከሷ ጋር የምትሄደው ትንሽ የሼል ፋይል ናት፤ አጫጭር ትዕዛዞቹን የምታዘጋጀው። ጥያቄው ተመልሶ መጣ። የት?

አንደኛው መንገድ ኢቲሲ ውስጥ ፕሮፋይል ነጥብ ዲ የምትባል ፎልደር ውስጥ መጣል ነው፤ ሰው ሲገባ እዚያ ያለው ሁሉ በየተራ ይነበባል። ሁሉም ይሰማታል። ግን እዚያ ለመጻፍ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ 40 ሰው በሚጋራው ማሽን ላይ ቤቷ ውስጥ ብቻ መጻፍ የምትችል ተማሪ ፕሮግራሜን ልትጭን ስትሞክር መሃል ላይ «ፈቃድ የለሽም» ተብላ ትቆማለች። ይህ ደርሶብኝ ያውቃል፤ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሙሉ ምሽት ያቃጠልኩት አንድ ፕሮግራም ከቤቴ ውጭ ካልጻፍኩ ብሎ ስለገገመ ነው። ቋሚ ቦታ ቁልፍ ላለው ሰው ቋሚ ነው፤ ቁልፍ ለሌለው ግድግዳ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ተጫኚው ከመረጠው ሥር ማስቀመጥ ነው። ፕሪፊክስ ይባላል፤ «ሁሉንም ነገር እዚህ ሥር አድርግልኝ» የምትሉበት። በግኑ ልማድ ምንም ካልመረጣችሁ ዩኤስአር ሎካል ይሆናል፤ የቅንብር ፋይሎችም በዚያው ሥር ባለች ሌላ ኢቲሲ ውስጥ ይገባሉ። ሥርዓት ያለው፣ ማንንም የማይገፋ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፦ ባሽ እዚያ አያይም። ፋይሏ በክብር ተቀምጣ ማንም ሳያነባት ታረጃለች።

ሼሉን ራሱን መጠየቅም ይቻላል። ፊሽ የሚባለው ሼልና የባሽ ማሟያ ጥቅል «የኛን ፋይል የምናነበው እዚህ ነው» ብለው የሚመልሱበት መንገድ አላቸው፤ ፒኬጂ ኮንፊግ በሚባል መሣሪያ ትጠይቋቸዋላችሁ። ጨዋ አሠራር ነው። ግን የሚሰጧችሁ መልስ ያው ቁልፍ የሚያስፈልገው ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቃችሁ ተከለከላችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ በየሰው ቤት ገብቶ ነጥብ ባሽአርሲ ሥር አንድ መስመር መለጠፍ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ያደርጉታል። እኔ ይህንን ከሁሉም እጠላዋለሁ። ሰው የሰው ቤት ገብቶ፣ በባለቤቱ እጅ ጽሑፍ መሃል የራሱን ቃል ጨምሮ መውጣት... ሲነቀል እንኳ መስመሩን ይዞ አይወጣም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባለቤቱ ያየውና «ይህንን እኔ ነኝ የጻፍኩት?» ይላል።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ጓደኛዬ ጋር ለሳምንታት ተከራክረናል። እሱ «ኢቲሲ ውስጥ ጣላትና ተገላገል» ባይ ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ገና ቁስሌ አልደረቀም፤ «በሰው ሁሉ መንገድ ላይ ዳግመኛ አልጽፍም፤ ፋይሏን ፕሪፊክሱ ሥር አስቀምጣለሁ፣ የት እንዳለች ስክሪን ላይ እጽፋለሁ፣ የፈለገ በራሱ ቤት ይጥራት» አልኩ። እሱ ምን አለ? «ለደካማው አሰብኩ ብለህ ሥራውን ለደካማው አሸከምከው። ስክሪን ላይ የተጻፈ ማን ያነባል? አንተ የሎጉን አንብበሃል?»

ይህች አባባል ገብታኛለች። እውነቱን ነው። ብዙ ሰው እንደመጣለት ነው የሚጠቀመው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ፣ የስልኬን ጥሪ ድምፅ ከገዛሁት ቀን ጀምሮ አልቀየርኩም። ስለዚህ «አልመርጥልህም፣ ራስህ ምረጥ» ማለትም ምርጫ ነው፤ ለሚችለው ነፃነት፣ ለማይችለው የማይሠራ ፕሮግራም። ትሕትና መስሎኝ የነበረው ነገር ውስጥ ትንሽ ፍርሃት እንዳለበት ያየሁት ያኔ ነው። ባልናገር አልሳሳትም፣ ዓይነት።

ግን እሱም ያላየው ነገር አለ። ያ የወዘተ ሳጥን የማን ነው? ለመላው ሥርዓት የፋይል አቀማመጥ የተጻፈ ደንብ አለ፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፣ የመጨረሻው ሦስተኛ እትም 2015 ላይ። በዚያ ደንብ ኢቲሲ የዚያ የአንዱ ማሽን የራሱ ቅንብር ቦታ ነው። ሳነበው የገባኝ፣ ቦታው የፕሮግራም ደራሲ ሳይሆን የማሽኑ አስተዳዳሪ መሆኑ ነው። እኔ ከሩቅ ሆኜ፣ ማሽኑን ሳላየው፣ ሌሊት ማን እንደሚያንኳኳ ሳላውቅ የምጽፍ ሰው ነኝ። እዚያ ያለው አስተዳዳሪ ግን ያውቃል፤ ወይም ሊያውቅ ይገባዋል። ቃል ሁሉም በሚያልፍበት ቦታ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ፣ የሚያስቀምጠው እዚያው ሆኖ የሚጠየቅ ሰው ይሁን። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ይህንን ያውቅበታል፤ ፕሮግራም ሲታደስ አስተዳዳሪው በእጁ የነካው የኢቲሲ ፋይል ካለና አዲስ ቅጂ ከመጣ፣ ዝም ብሎ አይተካም። ይቆማል፣ ይጠይቃል፣ ምንም ሳትመርጡ ብታልፉት የናንተን ይተወዋል። ማሽን ሲያፍር ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ሌላም ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ባሽ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሁሉንም ያነባል፣ ቀጥሎ የቤቱን። ሁለቱ ከተጋጩ የኋለኛው ያሸንፋል፤ የመጨረሻው ቃል የባለቤቱ ነው። ይህንን ቅደም ተከተል ያወጡት ሰዎች ፍልስፍና እያሰቡ ይሁን አይሁን ግድ የለኝም። የወል ሕግ ይቅደም፣ ሰው ግን በቤቱ ይመልስለት፤ ብዙ መንግሥት ያልተሳካለት ነገር ነው።

ስኬል የምትባለውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። አጽም ማለት ነው። አዲስ ሰው ማሽኑ ላይ ሲመዘገብ በዚያች ፎልደር ያለው ሁሉ ወደ አዲሱ ቤት ይገለበጣል፤ የተገለበጠው ከዚያ በኋላ የሱ ነው። አጽሙን ነገ ብታስተካክሉት ለነገው ልጅ ብቻ ነው፤ የትናንቶቹ ከነስህተቱ ይኖራሉ። አደጋው እንደደረሰ እኔ መጀመሪያ የሮጥኩት አጽሙን ለማረም ነበር። አረምኩት። ምንም አልጠቀመም፤ ስምንቱም ሰው ቀድሞ ተወልዷል።

መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ይህ ነው። ፋይሏ በፕሪፊክሱ ሥር ትገባለች፤ ማንም ሳይፈቅድ ከዚያ አትወጣም። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ሲጭን አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ ለሁሉም ትነበብ ወይ? አዎ ካለ ፕሮፋይል ነጥብ ዲ ውስጥ ትገባለች፣ ያስገባት እሱ ነው። አስተዳዳሪ ያልሆነ ሰው ደግሞ «በቤትህ ልጨምርልህ?» ይባላል፤ የምትጨመረው መስመር ቃል በቃል ትታየዋለች፣ ካልፈቀደ አትጨመርም። ፋይሏ ራሷ የምትጀምረው በዘበኛዋ መስመር ነው። ጓደኛዬ «ሰው ጥያቄ ሲበዛበት ሁሉንም አዎ ይላል» አለኝ። ይላል። እስካሁን በወር አንድ ሁለት ሰው «አልሠራ አለኝ» ብሎ ይደውላል፤ ጥያቄውን ምን ብሎ እንደመለሰ ስጠይቀው የትኛውን ጥያቄ ይለኛል። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ስልኩን ማንሳት ብቻ ነው።

የ19 ቀኑስ ሥራ? ድምፆቹ በመቅጃው ላይ ስለነበሩ አልጠፉም፤ የጠፋው ጽሑፉ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን፤ እሳቸው በጆሯቸው እየሰሙ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀብን። አዛውንቶቹ ሲቀረጹ ወደ ነገሩ አይገቡም፤ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። እርስዎ ደኅና ነዎት፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ ክረምቱ እንዴት ያዛችሁ፣ እግዜር ይመስገን፣ እናንተስ። ሁለት ሦስት ደቂቃ። በሦስተኛው ቀን ደክሞኝ፣

«ሰላምታውን ልዝለለው እንዴ?» አልኳቸው።

«አትዝለል» አሉኝ። «ማንን ሰላም እንዳሉ እያወቁ ነው የሚሉት። ስማቸው፤ ከብቱን እንኳ ለይተው ነው የሚጠይቁት።»

ጻፍኩት። ሁሉንም፣ ከነከብቱ።

ሥራው ያለቀ ዕለት አዲሱን ዲስክ የተገጠመለትን ሰርቨር አሳየኋቸው፤ ሰላምታዋ ወጥታለች፣ ሎጉ በየጠዋቱ ወደ ኢሜይሌ ይላካል። ጥቁሩን መስኮት ትንሽ አዩትና፣ «እኔም አንድ መስመር ማስጻፍ እችላለሁ?» አሉ።

«በቤትዎ የፈለጉትን መጻፍ ይችላሉ» አልኳቸው።

«በኔ አይደለም። በአንተ ቤት።»

ቁልፉ የኔ ነው፤ ፈቀድኩ። ጎናቸው ቁጭ ብዬ ያሉኝን ነጥብ ባሽአርሲዬ ውስጥ ጻፍኩት። ይኸው ሥራ ቀይሬ፣ ማሽን ቀይሬ፣ ፋይሉን ይዤው ዞሬያለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጥቁሩን መስኮት ስከፍት ከሁሉ በፊት የምትወጣው እሷ ናት፦ «የትናንት ማታውን አይተሃል?»

ያረፈችው ከዘበኛዋ መስመር በታች ነው።